የሻጭ መግለጫ ከቀብድ ይቅደም

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል አባላት፣

በአዲስ አበባ ዳርቻ በሚገኙ ሰፈሮች፣ እኔ ከምኖርበት የካ አባዶ ጀምሮ እስከ አያት፣ ቦሌ አራብሳና ኮዬ ፈጬ ድረስ፣ ቤት ሲሸጥ ሻጩ ለገዢው ስለሚያቀርበው ሰነድና ስለሚሰጠው መረጃ ሐሳቤን ለአንባቢያን ለማካፈል፣ ለሚመለከታቸው አካላትም ጥያቄ ለማቅረብ ይህን ደብዳቤ ጽፌአለሁ። በሰፈራችን የነዋሪዎች ኮሚቴ ውስጥ ለዓመታት በማገልገሌ በርካታ ሽያጮች ሲፈጸሙ በምስክርነት ተቀምጫለሁ፤ ውሉ ከተፈረመ በኋላ የተነሡ ጠቦችንም በሽምግልና አይቻለሁ። ከዚህ ሁሉ የተረዳሁት፣ ገዢን አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው የሰነድ መዘግየት መሆኑን ነው። ሰነዱ ውሎ አድሮ ይቀርባል፤ የሚቀርበው ግን ገንዘቡ ከገዢው እጅ ከወጣ በኋላ ነው።

በእኛ አካባቢ የቤት ሽያጭ የሚሄድበት መንገድ ለብዙዎች የታወቀ ነው። ደላላው ይደውላል፤ ገዢው ቅዳሜ ወይም እሑድ ከቤተሰቡ ጋር መጥቶ ቤቱን ያያል፤ ሻጩ የካርታውን ኮፒ፣ አንዳንዴም በስልኩ ያነሣውን ፎቶ ያሳየዋል። ከዚያ «ሌላ ሰው ነገ ሊያስይዝበት ነው» የሚል ጥድፊያ ይከተልና በዚያው ዕለት ወይም በማግሥቱ ምስክሮች ተጠርተው የመንደር ውል ይጻፋል፣ ቀብድም ይሰጣል። ወደ ውልና ማስረጃ የሚኬደው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከቁጥር 1883 እስከ 1885 በደነገገው መሠረት ቀብድ መስጠት ውል ስለ መደረጉ ማስረጃ ይሆናል፤ ሌላ ስምምነት ከሌለም ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ቢተው ደግሞ ዕጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ስለዚህ ገዢው ቀብድ ከሰጠ በኋላ በቤቱ ላይ ዕገዳ መኖሩን ቢደርስበት፣ ሻጩ «እኔ አልሸጥም አላልኩም፣ የተውከው አንተ ነህ» ይለዋል። የመንደር ውሉ ራሱ ይጸናል ወይስ አይጸናም የሚለው ክርክር ሲጨመርበት፣ በአንድ ሳምንት ሊጣራ ይችል የነበረው ነገር ሰውን ለዓመታት በፍርድ ቤት ደጃፍ ያመላልሰዋል።

ሕግ የለም ማለቴ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ እንዲሆን በቁጥር 2877፣ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲመዘገብ ደግሞ በቁጥር 1723 አዟል፤ ባለቤትነት ለሌላ ሰው የሚተላለፈው በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ላይ ሲጻፍ መሆኑንም ቁጥር 1185 ይናገራል። የሰነዶች ማረጋገጥና ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 922/2008ም ውል የሚያረጋግጠው ባለሥልጣን የሚመራበትን ሥርዓት ዘርግቷል። እነዚህ ሁሉ ጥሩ ናቸው። ሆኖም ማጣሪያውን በጉዞው ፍጻሜ ላይ አስቀምጠውታል፤ መጀመሪያው ላይ፣ ማለትም ደላላው፣ ሻጩና ገዢው ሻይ ቤት በሚቀመጡበት ሰዓት፣ ሻጩን «ይህን ሳታሳይ ገንዘብ አትቀበል» የሚለው ማንም የለም።

ስለ ካርታ ላንሣ፤ የብዙው ጠብ ምንጭ እሱ ነውና። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ሻጭ የሚሸጠው በላዩ የሠራውን ቤት ነው፤ ከቤቱ ጋር አብሮ የሚሄደው የይዞታ መብትም በካርታው ላይ በተጻፈው ስፋትና ወሰን የተገደበ ነው። በዳርቻ ሰፈሮች ግን አጥር ከካርታ ሰፍቶ መገኘቱ የተለመደ ነው። በአንድ ጎረቤት ግቢ የሆነውን በዓይኔ አይቻለሁ። ገዢው የገዛው ቤት ዋናው ቤትና ከኋላው በተርታ የተሠሩ የሚከራዩ ሰርቪስ ክፍሎች ያሉት ነበር፤ ዋጋውም ከሰርቪሶቹ የሚገኘው የወር ኪራይ ታስቦ የተቆረጠ ነው። ስም ከመዛወሩ በፊት የልኬት ባለሙያዎች መሣሪያቸውን ይዘው መጥተው በካርታው ላይ ባሉት መጋጠሚያ ነጥቦች መሠረት ማዕዘኖቹን ሲለኩ፣ የኋለኛው ወሰን ያረፈው ከሰርቪስ ክፍሎቹ በሮች ፊት ለፊት፣ በግቢው መካከል፣ የልብስ ማስጫ ገመድ ከተወጠረበት ሥር ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ፣ ተከራዮቹ ከነዕቃቸው የሚኖሩበት ክፍል ጭምር፣ በካርታው ውስጥ የሌለ ትርፍ ቦታ ሆኖ ተገኘ። ሻጩ ይህን ያውቅ ነበር፤ ቤቱን በሠራበት ጊዜ የግንባታ ፈቃድ ያወጣው ለዋናው ቤት ብቻ ነበርና። ገዢው ግን የግንባታ ፈቃድ የሚባል ወረቀት መጠየቅ እንዳለበት እንኳ የነገረው አልነበረም። ካርታ ሲቀርብ አብሮት የጸደቀው ፕላንና የግንባታ ፈቃዱ ካልቀረበ፣ ገዢው የሚያየው የነገሩን ግማሽ ብቻ ነው።

የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818/2006 ከወጣ ወዲህ የይዞታ ማረጋገጥ ሥራ በየሰፈሩ ተካሂዷል፤ ሁሉም ቦታ ላይ ግን አልተዳረሰም፣ ክርክር ያለበት ይዞታም በይደር ይቀመጣል። አንድ ቤት በማረጋገጥ ሥራው አልፏል ወይስ በክርክር ምክንያት ቆሟል የሚለውን ከሻጩ በላይ የሚያውቅ የለም። ሰነድ አልባ ይዞታ ወይም በተለምዶ ጨረቃ ቤት የምንለው ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ከባድ ነው። እንዲህ ያለው ቤት «ካርታው በሂደት ላይ ነው» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይሸጣል። በሂደት ላይ ከሆነ ማመልከቻው የገባበት ቀንና ከጽሕፈት ቤቱ የተሰጠ መልስ ይኖራል፤ ሻጩ ያንን ያሳይ። ካላሳየ ገዢው ሂደት የሚባለው ነገር እንደሌለ ቢቆጥረው ይሻለዋል።

የትዳር ጉዳይ ሌላው ነው። ካርታው በአንድ ሰው ስም መሆኑ ቤቱ የአንድ ሰው ነው ማለት አይደለም። በአዲስ አበባ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 በትዳር ውስጥ የተገኘ ንብረት የጋራ እንደሆነ ይገምታል፤ በአንቀጽ 68 መሠረትም የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት የሚሸጠው ባልና ሚስት ሲስማሙ ነው። ስምምነቷን ያልሰጠች ሚስት፣ ወይም ስምምነቱን ያልሰጠ ባል፣ ነገሩን ባወቁ በስድስት ወር ውስጥ፣ በማናቸውም ሁኔታ ግን ውሉ በተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ ሽያጩ እንዲፈርስ ሊጠይቁ ይችላሉ። ይህ መብት ተገቢ ነው፤ በተለይ ባሎቻቸው ሳያማክሯቸው የሚሸጡባቸውን እናቶች ስለሚጠብቅ እደግፈዋለሁ። ነገር ግን ሻጩ ያገባ ወይም ያላገባ መሆኑን የሚገልጸውን ማስረጃ፣ የተፋታ ከሆነ የፍቺውንና የንብረት ክፍፍሉን የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የትዳር ጓደኛው በሞት የተለየው ከሆነ የሞት ምስክር ወረቀቱንና የወራሽነት ማስረጃውን ቀብድ ከመቀበሉ በፊት ቢያቀርብ፣ ሚስትም ገዢም ይጠበቁ ነበር። በውርስ የተገኘ ቤት ሲሆን የሁሉም ወራሾች ፊርማ ያስፈልጋል። በስልክ «ወንድሞቼ ሁሉ ተስማምተዋል» ብሎ የሸጠ ሰው፣ ከወንድሞቹ አንዱ ከውጭ አገር ሲመለስ ምን እንደሚገጥመው በሽምግልና ወንበር ላይ ሆኜ ደጋግሜ አይቻለሁ።

ስለ ውክልና ጥቂት ልበል። ሻጭ ነኝ ብሎ የሚቀርበው ሰው ወኪል ከሆነ ውክልናው ለመሸጥ የተሰጠ ልዩ ሥልጣን መሆን አለበት፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 ጠቅላላ ውክልና የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ እንደማያበቃ በግልጽ ይደነግጋል። ወካዩ ከሞተም፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ በቁጥር 2232 መሠረት ውክልናው ያበቃል። ይህ ነገር በኮንዶሚኒየም ሰፈሮች ብርቱ ትርጉም አለው። ዕጣ የደረሰው ሰው አምስት ዓመት ሳይሞላ ቤቱን በሽያጭ እንዳያስተላልፍ በመከልከሉ፣ ብዙዎች ቤታቸውን በውክልናና በብድር ውል ስም ሸጠዋል። ገዢው ቁልፍ ተረክቦ፣ ሴራሚክ አንጥፎ፣ ልጆቹን በአቅራቢያው ባለ ትምህርት ቤት አስመዝግቦ ይኖራል፤ በሰነድ ረገድ ግን ቤቱ አሁንም የሌላ ሰው ነው። ያ ሰው ውክልናውን ቢሽር ወይም ቢሞት ገዢው በእጁ የሚቀረው ሕግ ከለላ ለመስጠት የሚቸገርበት ወረቀት ነው። የአምስት ዓመቱ ጊዜ ያለፈ ቤት ሲሸጥም ካርታው የወጣ መሆኑን፣ የባንክ ብድሩ ተከፍሎ ማለቁን ወይም ምን ያህል እንደቀረው በጽሑፍ ማሳየት የሻጩ ግዴታ መሆን ይገባዋል።

ዕዳና ዕገዳን በተመለከተ የሚታየው ስሕተት የቀን ነው። ሻጮች «ከዕዳና ዕገዳ ነፃ ነው» የሚል ደብዳቤ ያሳያሉ፤ ደብዳቤው ግን ወራት ያለፉት ሊሆን ይችላል። በመካከሉ ቤቱ ለባንክ መያዣ ተሰጥቶ፣ ወይም በፍርድ ቤት ታግዶ ሊሆን ይችላል። የተመዘገበ የመያዣ መብት ቤቱ ወደ ሌላ ሰው ቢተላለፍም ቤቱን ይከተላል፤ ዕዳውን ያልተበደረው ሰው ቤቱን ሊያጣ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ደብዳቤው ቀብድ በሚሰጥበት ሳምንት የተጻፈ መሆን አለበት። የሊዝ ክፍያ ወይም የቦታ ኪራይ፣ የጣራና ግድግዳ ግብር፣ የመብራትና የውሃ ቆጣሪ ሒሳብ የመጨረሻ ደረሰኞችም ከዚሁ ጋር ይቅረቡ፤ እነዚህ ቀላል ናቸው፣ ሻጩ መሳቢያው ውስጥ አሏቸው።

የዳርቻ ነዋሪ ብቻ የሚያውቀው አንድ ችግር አለ። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ የአዲስ አበባና የኦሮሚያ አስተዳደሮች በወሰን ጉዳይ ከተስማሙ፣ ከዚያም በዙሪያችን ያሉት ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲና ሌሎች ከተሞች በሸገር ከተማ ሥር ከተጠቃለሉ ወዲህ፣ ቀድሞ በአንድ መሥሪያ ቤት የነበረ ፋይል ዛሬ በሌላ መሥሪያ ቤት ይፈለጋል። አዲስ አበባ ውስጥም ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ በ2013 ዓ.ም. ሲቋቋም ከቦሌና ከየካ የተወሰዱ ወረዳዎች ፋይሎቻቸውም አብረው ተንቀሳቅሰዋል። ካርታው ላይ ያለው ማኅተም የአንድ አስተዳደር፣ ዛሬ ስም የሚያዛውረው ሌላ አስተዳደር ሲሆን ገዢው የትኛውን ደጅ እንደሚጠና አያውቅም። ሻጩ ፋይሉ አሁን የት እንደሚገኝና ካርታውን አሁን ያለው አስተዳደር እንደሚቀበለው የሚገልጽ አንድ ገጽ ደብዳቤ አስጽፎ ቢያቀርብ ይህ ሁሉ እንግልት ይቀር ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ በየትኛውም መዝገብ ላይ የማይገኝ መረጃ አለ፤ በእኔ አመለካከት ከሰነዱ እኩል ክብደት ሊሰጠው የሚገባውም ይኸው ነው። ሴፕቲክ ታንኩ የት ተቀበረ፣ በክረምትስ ሞልቶ ወደ ማን ግቢ ይፈሳል? ውሃ በፈረቃ የሚመጣው በየስንት ቀኑ ነው፣ ሮቶውን ለመሙላትስ ይበቃል? የሐምሌ ጎርፍ በየትኛው በኩል ይገባል? አጥሩን የሠራው ማን ነው፣ የጎረቤት ግድግዳስ ተደግፎበታል? በር ድረስ የሚያስገባው መንገድ በፕላን ላይ ያለ መንገድ ነው ወይስ ጎረቤት በፈቃዱ የለቀቀው መተላለፊያ? በመንገድ ማስፋፊያ፣ በወንዝ ዳር ልማት ወይም በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት ምክንያት ለቤቱ ባለቤት የደረሰ ማስታወቂያ አለ? ተከራይስ አለ? የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስና እንዲመዘገብ ስላዘዘ፣ ቤቱን በማግሥቱ ሊገባበት ያሰበ ገዢ የተከራዩን ውል ማየት አለበት። በጋራ ሕንፃ ሲሆን ደግሞ ያልተከፈለ የማኅበር መዋጮና ከላይኛው ፎቅ የሚያፈስ መታጠቢያ ቤት የሻጩ ምስጢር ሆነው መቅረት የለባቸውም።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሻጭ የተሸጠው ነገር በውሉ መሠረት ስለ መሆኑና ጉድለት የሌለበት ስለ መሆኑ ዋስ እንደሚሆን በቁጥር 2287፣ ሦስተኛ ወገን በሽያጩ ጊዜ በነበረው መብት ተነሥቶ ገዢውን ቢያስለቅቀውም ኃላፊ እንደሚሆን በቁጥር 2282 ይደነግጋል። ገዢው ግን ሻጩ ምን ብሎ እንደነገረው በጽሑፍ ካልያዘ፣ ዳኛ ፊት ቀርቦ «ውሃ በየቀኑ ይመጣል ብሎኝ ነበር» ማለቱ ብቻ ምን ያህል እንደሚረዳው መገመት ይቻላል። ዋስትናው ወረቀት ላይ ካለ ቃል ጋር መታሰር አለበት።

ይህን ሐሳብ ለጎረቤቶቼ ሳቀርብ የሚመልሱልኝን አውቃለሁ። አንዱ «ገዢው ራሱ ይጠይቅ፣ ዓይኑን ከፍቶ ይግዛ» የሚል ነው። ገዢው ግን ወደ ወረዳ ወይም ወደ ክፍለ ከተማ መሬት ጽሕፈት ቤት ሄዶ የሌላ ሰው ፋይል እንዲወጣለት ቢጠይቅ፣ በተግባር እንደምናየው፣ «ባለይዞታው ራሱ ይምጣ» ተብሎ ይመለሳል። መረጃውን ማውጣት የሚችለው ሻጩ ሆኖ ሳለ የማጣራት ሸክሙን በማይችለው ሰው ላይ መጫን ፍትሐዊ አይደለም። ሌላው መልስ ሥራ ይጓተታል፣ ገበያ ይቀዘቅዛል የሚል የደላሎች ሥጋት ነው። ቤቱን ለመሸጥ የወሰነ ሰው ሰነዱን ገዢ ከመፈለጉ በፊት ቢያሰናዳ አንድም ቀን አይጓተትም። በውል ላይ የሚጻፈውን ዋጋ ዝቅ የማድረግ ልማድም ከዚሁ ጋር ይታይ፤ ከዋጋው 2 በመቶ የሚታሰበውን የቴምብር ቀረጥና ሌላውን ክፍያ ለመቀነስ ብሎ እውነተኛውን ዋጋ ሳያስጽፍ የፈረመ ገዢ፣ ነገ ሽያጩ ፈርሶ ገንዘቡ ይመለስ ቢባል እጁ ላይ የሚኖረው ማስረጃ ያ ዝቅተኛ ቁጥር ነው። ለመንግሥት የሚገባው ግብር መጉደሉ ሳይረሳ፣ ራሱን አሳልፎ እንደሰጠ ይወቅ።

ስለዚህ ለሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት (በተለምዶ ውልና ማስረጃ ለምንለው)፣ ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር የመሬት መሥሪያ ቤቶችና በዙሪያችን ላሉ አስተዳደሮች የማቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፦ «የሻጭ መግለጫ» የሚባል ወጥ የሆነ ቅጽ ይዘጋጅ። ሻጩ በላይ የጠቀስኳቸውን ሰነዶች ዋናቸውን አሳይቶ ኮፒያቸውን ያያይዝ፤ ስለ ቤቱ የሚያውቀውን በገዛ ቃሉ ይሙላ፤ የማያውቀውን «አላውቅም» ብሎ ይጻፍ፤ ቀን ጽፎም ይፈርም። የቀብድ ስምምነት ከመግለጫው ቀን በፊት የተደረገ ከሆነ፣ በመግለጫው ላይ ያልነበረ ጉድለት ሲገኝ ገዢው ቀብዱን ሳያጣ መውጣት ይችል ዘንድ በሕግ ይደንገግ። ውልና ማስረጃም የሽያጩን ውል ሲያረጋግጥ መግለጫውን የውሉ አካል አድርጎ ያያይዘው።

ቅጹ እስኪዘጋጅ ድረስ እኛ መጠበቅ የለብንም። በሰፈራችን ኮሚቴ ይህን የመሰለ ባለ ሁለት ገጽ መጠይቅ አዘጋጅተን በምስክርነት ለምንጠራበት ሽያጭ ሁሉ አስቀድመን ለሻጩ እንድንሰጥ፣ ሳይሞላም በምስክርነት እንዳንፈርም ሐሳብ አቅርቤአለሁ። ጋዜጣችሁ ፈቃዱ ቢሆን የመጠይቁን ረቂቅ ልኬላችሁ፣ የሕግ ባለሙያዎች አይተው የጎደለውን ቢሞሉበትና በአንዱ ዕትማችሁ ብታወጡት፣ በሌሎች ሰፈሮች ያሉ ዕድሮችና የጋራ ሕንፃ ማኅበራትም ገልብጠው ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የየካ አባዶ ነዋሪ